ስለ ዕድር የጻፉት የታሪክ ሰው



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የዕቃ ቤታችን ነገር ሲነሳ፣ ለድንኳኑና ለወንበሩ ቦታ ስለጠበበ በጥግ የተከመሩት የድሮ መዝገቦች ይወገዱ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ጉዳዩ ለኮሚቴው ተመርቶ እስካሁን ውሳኔ አላገኘም። እኔም በዚያን ዕለት እጄን አውጥቼ አንድ ሁለት ቃል ብናገርም ሰዓቱ ሄዶ ስለነበር ሐሳቤን ሳልጨርስ ቁጭ አልኩ። አሁን ለመጽሔታችን ጻፍ ስባል ያንኑ ሐሳቤን በአንድ ሰው ታሪክ በኩል ልጨርሰው ብዬ ተነሳሁ። ሰውየው የታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

ታዲያ የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ከእኛ ዕድር ጋር ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 እንድርያስ እሸቴ ከሚባሉ ኢትዮጵያዊ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ስለሚረዳዱበት መንገድ ጽፈዋል። ይኸውም ስለ ዕቁብና ስለ ዕድር ማለት ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ስለ ዕድር የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ከሚጠቅሷቸው የቀደሙ ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው። የልጅ ልጄ ይህንን ሲነግረኝ እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። እኛ ድንኳን ስንተክልና ወንበር ስንቆጥር እንዲህ ያለው ነገር የታሪክ ጉዳይ ነው ብሎ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም እኮ!

ሪቻርድ ፓንክረስት የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በሎንዶን ከተማ ዳርቻ ነው። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ይባላሉ። በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ብዙ ጊዜ ወህኒ የወረዱ ሴት ናቸው። አባታቸው ሲልቪዮ ኮርዮ ደግሞ ኢጣልያዊ ሲሆኑ ፋሽስትን ተቃውመው በስደት የሚኖሩ ነበሩ። ሙሶሊኒ አገራችንን ወሮ አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት በ1928 ዓ.ም. ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል ጋዜጣ አቋቋሙ። የዓለም መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩብን ጊዜ ያ ጋዜጣ በየሳምንቱ ስለ ኢትዮጵያ ይጮኽ ነበር። ልጅየው ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ሕፃን ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ የምትባለውን አገር በዓይናቸው ሳያዩ በፊት ስሟን ከእናታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው የለመዱት።

ትምህርታቸውን በሎንዶን የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት ተከታትለው በኢኮኖሚ ታሪክ ዶክተር ሆኑ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የኢኮኖሚ ታሪክ ነው ያልኩት፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። በ1948 ዓ.ም. ከእናታቸው ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ያስተምሩ ጀመር። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውንም መጽሔት እናትና ልጅ አብረው ያዘጋጁት ነበር። በተከታዩ ዓመት ሪታ የሚባሉትን ሴት አገቡ። ወይዘሮ ሪታም በቤተ መጻሕፍት ሥራ ይህን አገር ብዙ ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ልጆቻቸው አሉላና ሔለን ይባላሉ። አሉላ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ለእናንተ አልነግርም።

ሲልቪያ በ1953 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት አረፉ። ወለተ ክርስቶስ ተብለው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ለአርበኞች በተከለለው ስፍራ ተቀበሩ። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ለተባለው፣ ገንዘብ ያሰባሰቡ እሳቸው መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ልጃቸው ግን በእናታቸው ስም ብቻ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ተቋሙ ያለው ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው በለቀቁት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እዚያ ምን ሠሩ ቢባል፣ ሰበሰቡ። መጽሐፍ፣ ብራና፣ ሥዕል፣ መስቀል፣ አሮጌ ወረቀት፣ የመንገደኞች ማስታወሻ። አንድ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው በዚህ ሥራ አብረዋቸው ደክመዋል። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ የሥራውን ክብደት ከማንም ይበልጥ እገምተዋለሁ። ወረቀት መሰብሰብ ቀላል ነው፤ የሰበሰቡትን በተፈለገ ጊዜ ማግኘት ነው ጭንቁ። እኔ በሠራሁበት በአንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ፋይል በኪሎ ተሸጦ ሱቅ ውስጥ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አይቻለሁ። የሰው የጡረታ ማመልከቻ ከነፊርማው ተጠቅልሎበት!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የድሮ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚጽፉልን ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ነበር፤ እከሌ ነገሠ፣ እከሌ ዘመተ፣ እከሌ ድል ሆነ እያሉ። ይህም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ንጉሡ ሲዘምት ባላገሩ ምን ይበላ ነበር? አንድ ቁና ጤፍ ስንት አሞሌ ያወጣ ነበር? በሬ ስንት ጠገራ ብር ነበር? እኒህ ሰው የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ስለነበሩ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ስለ ክንድና ስለ ስንዝር፣ ስለ ቁናና ስለ አሞሌ ብቻ ረጅም ጥናት ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ላይ የታተመው ትልቁ መጽሐፋቸውም ከ1800 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የኢትዮጵያን ኢኮኖሚ ታሪክ የሚተርክ ነው። ንግዱ፣ ግብሩ፣ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ገበያው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ስለ ክፉ ቀን የጻፉትንም ልንገራችሁ። አባቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ረሀብ ነው። ነገሩ የመጣው ከከብት በሽታ ነው። ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው፣ ከሕንድ አገር የመጡ ናቸው የሚባሉ ከብቶች በሽታውን ይዘው ገቡና በመላ አገሪቱ የቀንድ ከብት አለቀ። በሬ ከሌለ ማረሻው ምን ይሠራል? አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እስከመሆን ደረሱ። ይህን ሁሉ ፕሮፌሰሩ ከዜና መዋዕሉ፣ ከሚሲዮኖች ደብዳቤና ከመንገደኞች መጽሐፍ እየለቀሙ አንድ ላይ አስቀመጡት። አርብቶ አደሩ የበዛበት የእኛ የስምጥ ሸለቆ አገር ምን እንደደረሰበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስለ ኅዳር በሽታም ጽፈዋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር የገባው ያ ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ የተሰራጨው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኅዳር ሲታጠን እያልን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው እሱን እያስታወስን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በአዲስ አበባ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ እንዳለቀ ኋላ እሳቸው ራሳቸው ጽፈውታል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ ቀረ። ይህንን ስሰማ እኔ የታሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ዕድርተኛ ሁሉ በአንድ ቀን ሲተኛ ለፋፊውን ማን ይልከዋል? ማን ይቆፍራል? የቀባሪን ዋጋ የሚያውቀው ቀባሪ ያጣ ነው። ይህን ዓይነቱን ነገር እንደ ታሪክ ቆጥሮ የመዘገበ ሰው ለእኛ ለዕድርተኞች ባዳ አይደለም።

በነገራችን ላይ ስለ ሕንዶችም ብዙ ጽፈዋል። በምጽዋ ስለነበሩት ባንያን ነጋዴዎች፣ በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ስለሠሩት ሕንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች ተርከዋል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሕንድ ሲባል የሚያስታውሰው የሂሳብና የሳይንስ መምህሮችን ነው። ለካስ ከዚያ በፊት ግንቡንም እነሱ አቁመውታል።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. ከአገር ወጡ። በሎንዶን በምርምርና በቤተ መጻሕፍት ሥራ ቆይተው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። ከሃያ በላይ መጻሕፍትና በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች አሏቸው፤ ስለ ሕክምና ታሪክ፣ ስለ ከተሞች ታሪክ፣ ስለ መሬት ይዞታ። በአዲስ አበባ በሚታተሙ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም ላይ ለተራው አንባቢ ታሪክ ይጽፉ ነበር። ፕሮፌሰር ሆኖ ለተራ ሰው መጻፍ ብዙዎች የሚያፍሩበት ነገር ነው። እሳቸው አላፈሩም።

የአክሱምን ሐውልት ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ትሰኙብኛላችሁ። ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. ሐውልቱን ዘርፈው ሮማ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ትመልሳለች ተብሎ ነበር። 18ቱ ወር ወደ ስድሳ ዓመት ተጠጋ። ፕሮፌሰሩ ከኢትዮጵያውያን ምሁራን ጋር ሆነው በኮሚቴ፣ በደብዳቤ፣ በጋዜጣ ወተወቱ። አባታቸው ኢጣልያዊ መሆናቸውን አትርሱ። በመጨረሻ በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ያ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉት ቅርስ እንዲመለስም በተቋቋመው ማኅበር ውስጥ ግንባር ቀደም ነበሩ። እዚያ ላይ ደግሞ የሚከሱት የገዛ አገራቸውን ነው። ያኛው ጉዳይ ገና አላለቀም።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። የተቀበሩትም እናታቸው ባሉበት በቅድስት ሥላሴ ነው። ልጃቸው ዶክተር አሉላ የኅብረተሰብ ጥናት ሰው ናቸው፤ እሳቸውም በተራቸው ዳመነ ኃይለ ማርያም ከሚባሉ ምሁር ጋር ስለ ዕድር አመጣጥና ጥቅም ጽፈዋል። አባትም ልጅም ስለ ዕድር! አባትየው ሲጽፉና ልጅየው ሲጽፉ መካከል አርባ ዓመት ያህል አልፏል።

እንግዲህ አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ተነሥቶ ስለ አዳማ፣ ወይም ስለ ሞጆና ስለ መቂ፣ ስለ ዝዋይና ስለ ሻሸመኔ ዕድሮች ልጻፍ ቢል ምን ይዞ ይጽፋል? ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ይህች ከተማ የሞላችው ከየአገሩ በመጣ ሰው ነው። ከምንጃር፣ ከአርሲ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር፣ ከየትም። ዘመዱ ሩቅ የሆነ ሰው ሲሞት የሚያነሳው ጎረቤቱ ነበርና ዕድር ዘመድ ሆነለት። ይህ ነገር በየትኛው ዜና መዋዕል ተጽፏል? የተጻፈው በእኛ ዕቃ ቤት ጥግ በተከመሩት መዝገቦች ላይ ነው።

ከጉባኤው በኋላ በኮሚቴው ፈቃድ ገብቼ ጥቂቶቹን ገልጬአለሁ። ማኅተሙ ናዝሬት ይላል፣ በኋለኞቹ ላይ አዳማ። በስም ዝርዝሩ ላይ ሥራ በሚለው ዐምድ «ባቡር»፣ «ወንጂ ስኳር»፣ «ሸማኔ»፣ «ጠላ ሻጭ» ተብሎ ተጽፏል። ወርሃዊው መዋጮ በሳንቲም ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንዴት እንደጨመረ፣ የከፈን ጨርቅና የቡና ዋጋ በየዓመቱ ስንት እንደነበረ፣ ማን በስንት ቀን እንደተቀጣ ሁሉ አለ። መክፈል አቅቷት «በችግር ምክንያት ምሕረት ይደረግላት» ተብሎ የተወሰነላት አንዲት እናት አለች፤ ልጆቿ ዛሬ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። የአሞሌን ዋጋ ከመንገደኛ መጽሐፍ እየለቀሙ ለሚጽፉ ሰዎች ይህ ወርቅ ነው። እኛ ግን ለወንበር ቦታ ልንጥለው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መዝገቦቹን አንድ ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን ይበቃቸዋል። ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ምስጥና ርጥበት እንዳይደርስበት። ያገለገለ ቁም ሣጥን ከመርካቶ አዲሱን ከምንገዛው ባነሰ ዋጋ ይገኛል። በየዓመቱ ለይቼ ዝርዝራቸውን ለመጻፍ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ፣ የድሮውን እጅ ጽሑፍም አነባለሁ። ካርኒዎቹ ግን በዝተዋልና ከመዝገቡ ጋር እየተመሳከሩ የተደገሙት ቢወገዱ አልቃወምም።

አንድ የጎደለ ነገር አለ። መዝገብ ቁጥር አንድ፣ ዕድሩ ሲቋቋም የተጻፈው የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ፣ ከክምሩ ውስጥ የለም። ሽፋኑ ጥቁር፣ ጀርባው ቀይ ጨርቅ እንደነበረ አንድ ነባር አባላችን ነግረውኛል። ከቀድሞ ዳኞችና ጸሐፊዎች ቤት፣ ከአባት ሣጥን ውስጥ ወይም ከቁም ሣጥን ላይ ሊገኝ ይችላልና፣ የሚያገኝ ሰው በእሑድ ስብሰባ ላይ ለጸሐፊያችን ቢያስረክብ ደረሰኝ ይሰጠዋል።