ድንቢጥ ዜና አይደለችም

በልጅነቱ «ስጥ ጠብቅ» ተብሎ የማያውቅ ካለ ይህን ጽሑፍ ዘሎ ማለፍ ይችላል። እኛ ግን ተብለናል። ፀሐይ ላይ ከተዘረጋው ሰሌን አጠገብ ተቀምጠን፣ ቀጭን ዘንግ ይዘን፣ «እሽ! እሽ!» ስንል የዋልንባት ጠላታችን ማን ነበረች? ድንቢጥ! ዘንጉን ስናነሣ ቆርቆሮው ላይ ትወጣለች፤ ስናወርድ እሷም ትወርዳለች። ያን ሁሉ ሰዓት ተፋጠን ውለን ስለ እሷ ግን አንዲት ነገር ሳናውቅ አደግን።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ተነገረን፤ ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፣ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው። በዚህ ሒሳብ ድንቢጥ መቼም ዜና አትሆንም። በየጣሪያው፣ በየገበያው፣ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ አለቻ! ዛሬ ግን ሒሳቡን ገልብጠን የእሷን ታሪክ ልናወራ ነው። የምንጀምረውም ከመካነ ሰላም ነው።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የደቡብ ወሎ ከተማ ናት፤ የቦረናዎች ከተማ። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ አስታው ያለበት ደን አለ። ድሮ ደንቆሮ ጫካ ነበር የሚባለው፤ አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። የፓርኩ ወሬ ሲነሣ የሚጠሩት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ። ይገባቸዋል። ሁለቱም በዱር የሚኖሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሁሉም ቢደመር ጥቂት መቶ ነው።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንና ድንቢጣችንን በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈራቸው አንድ ሰው ነው! ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል፤ የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ በኩል መጥቶ የሰሜን ተራሮችን ወጣ፣ ጎንደርም ደረሰ። ወደ አገሩ ሲመለስ የሰበሰበውን ሁሉ ለከተማው የሰንከንበርግ ሙዚየም ይዞ ሄደ። ጭላዳን በ1835 ገለጸ። በ1840 ደግሞ ሁለቱ ተከተሉ፤ ቀይ ቀበሮና ድንቢጥ። ዓመቱ እንኳ አንድ ነው። ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ፤ አንዱ ፖስተር ላይ ወጣ፣ አንዷ ስጥ ላይ ቀረች።

በስሙ ላይም ያው ነው። የጭላዳ ሳይንሳዊ ስም ከአገሬው ስም ተወስዶ «ጌላዳ» ሆነ። ቀይ ቀበሮ በተራራው ስም «ሲሜንሲስ» ተባለ። ድንቢጥስ? «ስዌንሶኒ»! ዊልያም ስዌንሰን ለሚባል እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ መታሰቢያ መሆኗ ነው። ሰውዬው ብራዚልን አይቷል፤ ኢትዮጵያን ግን አልረገጠም። በ1841 ኒውዚላንድ ገብቶ በ1855 እዚያው ሞተ። ድንቢጧ ግን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና በዙሪያቸው ያሉትን የሱዳን፣ የሶማሊያና የኬንያ ዳርቻዎች ይዛ የምትኖር የአፍሪካ ቀንድ ልጅ ናት።

እስቲ ዛሬ ካያችኋት ልብ በሏት። ራሷና ደረቷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ከጭራዋ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ቀላ ያለ ነው። በክንፏ ላይ ትንሽ ነጭ ሰረዝ አላት። የአውሮፓው ወንድ ድንቢጥ ከአገጩ ሥር ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር አለው፤ የእኛዎቹ ግን ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት ናቸው።

ከሰው ጋር መኖሩንስ ማን አስተማራት? የአውሮፓዋን የአክስቷን ልጅ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ነገር አገኙ። ከሰው ጋር የምትኖረው ድንቢጥ ከሰው ርቃ ከምትኖረው ዘመዷ የምትለይበት አንዱ ነገር እህል የሚፈጭ፣ ማለትም ስታርች የሚያዋህድ ዘረመል (ጂን) ነው። ውሻም ከሰው ጋር መኖር ሲጀምር የተለወጠው እዚያው ላይ ነው። እንግዲህ እርሻ ሲጀመር የተለወጥነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። የእኛዋም ብልሃቷ አላነሰም። ቤቱ የሣር ክዳን ሲሆን ሣሩ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሲሆን ከታዛው ሥር፣ ግድግዳው ቀዳዳ ካለው እዚያው ጎጆዋን ትሠራለች። አውድማው ቢርቅ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ፍርፋሪ አታጣም።

«እህላችንን ትበላለች እኮ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። 1966ንና 1977ን ያየውን የወሎ ገበሬ የእህልን ዋጋ እኛ አናስተምረውም። ግን ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛ፣ በቆላው እንደ ደመና ወርዶ ማሽላ የሚያወድመውና በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጭበት ግሪሳ ሌላ ወፍ ነው፤ ድንቢጥ እንኳ አይደለም። ሁለተኛ፣ ድንቢጥ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳት ነው። ከእህሉ የምትቀምሰው ወፍ የእህሉን ተባይም ትለቅማለች።

ይህን ሒሳብ ቻይና በመከራ ተማረችው። በማኦ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ድንቢጥ ከአይጥ፣ ከዝንብና ከወባ ትንኝ ጋር በጠላትነት ተፈረጀች። ሕዝቡ ድስትና ታንቡር እየደበደበ ማረፊያ ሲነሣት ደክማ ከሰማይ እየወደቀች ሞተች። ከዚያ ተባይ በዛ። በ1960 ስሟ ከዝርዝሩ ተሰርዞ በቦታዋ ትኋን ገባ። ለዚያ ታላቅ ረሃብ ዋናው ጥፋት የመንግሥት ፖሊሲ ነበር፤ የድንቢጥ መጥፋት ደግሞ በቁስል ላይ ጨው ሆነ።

እንግሊዝ ደግሞ ማንም ጦርነት ሳያውጅባት ድንቢጧን አጣች። በየመንገዱ የሞላችው ወፍ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀነሰች፤ በ2002 አሳሳቢ ሁኔታ ላይ ካሉት ወፎች ቀይ መዝገብ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ዜና ሆነች! ከሄደች በኋላ።

እኛን የሚያሳስበን ይኸው ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ የምንጨነቀው ጥቂት መቶ ብቻ ስለቀረው ነው፤ ደግ አደረግን። ነገር ግን አንድን ነገር ለማወቅ እስኪያልቅ የምንጠብቅ ከሆነ፣ የምናውቀው ሁልጊዜ የሚያልቀውን ብቻ ይሆናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲሉ ወላጆቻችን ስለ ድንቢጥ አላሰቡ ይሆናል፤ ለእሷም ግን ልክ ይሆናል።

ስለዚህ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ነገ ጠዋት ታዛችሁ ላይ ስንት ድንቢጥ እንዳለ ቁጠሩና ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን ድገሙት። እኛ ጀምረናል። ስጡን የምትጠብቅ ልጅም ካለች ዘንጉን አታስጥሏት፤ እህል እህል ነው። የምታባርራት ወፍ ማን እንደሆነች ብቻ ንገሯት።

ቸር እንሰንብት!