የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ)

ኮሜሳ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ከቱኒዚያና ከሊቢያ አንሥቶ እስከ ኤስዋቲኒ ድረስ የሚገኙ 21 አገሮችን በንግድና በኢኮኖሚ ለማስተሳሰር የተቋቋመ የመንግሥታት ድርጅት ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ይገኛል። ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸውን አገሮች ያቀፈው ይህ ድርጅት፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የእርስ በርስ ንግዳቸውን በቀጠናዊ ውህደት ለማሳደግ ካደረጓቸው ሙከራዎች መካከል ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩትና ሰፊ ክልል ከሚሸፍኑት አንዱ ነው። የድርጅቱ ታሪክ እንደሚያሳየው የቀረጥ መነሣት ለንግድ በር ይከፍታል እንጂ ንግዱን ራሱን አይፈጥርም፤ አገሮቹ የሚለዋወጡት ምርት፣ የሚያጓጉዙበት መንገድ፣ ክፍያ የሚፈጽሙበት ገንዘብና የሚዳኙበት ሕግ ከቀረጡ እኩል ወሳኝ ሆነው ተገኝተዋል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀጠናዊ ውህደት ጽንሰ ሐሳብ

ቀጠናዊ የኢኮኖሚ ውህደት ሲባል፣ በአንድ አካባቢ የሚገኙ አገሮች በመካከላቸው ያሉትን የንግድ ገደቦች ደረጃ በደረጃ እያነሡ ገበያዎቻቸውን የሚያቀራርቡበት ሂደት ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቤላ ባላሳ በ1961 ባሳተመው ሥራ ይህን ሂደት በአምስት ደረጃዎች ከፍሎታል። የመጀመሪያው አባል አገሮች እርስ በርስ ቀረጥ የማይጣጣሉበት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በውጭ ዕቃ ላይ የራሱን ቀረጥ የሚጥልበት ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። ሁለተኛው በዚህ ላይ ከአባላቱ ውጭ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ አንድ ወጥ የጋራ ቀረጥ የሚጨምረው የጉምሩክ ኅብረት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዕቃ በተጨማሪ ጉልበትና ካፒታል በነፃ የሚዘዋወሩበት የጋራ ገበያ ነው። የኢኮኖሚ ፖሊሲዎችን የማጣጣምና የተሟላ ውህደት የመፍጠር ደረጃዎች በመጨረሻ ይከተላሉ።

ውህደቱ የሚያስገኘው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት የሚመዘነው በአብዛኛው ጄኮብ ቫይነር በ1950 ባቀረበው መለያ ነው። አንድ አገር ራሱ በውድ ዋጋ ያመርተው የነበረውን ዕቃ ቀረጥ ሲነሣ ከጎረቤቱ በርካሽ መግዛት ከጀመረ ንግድ ተፈጥሯል ይባላል። በአንጻሩ ከሩቅ አገር በርካሽ ይገዛው የነበረውን ዕቃ፣ ቀረጥ ያልተጣለበት በመሆኑ ብቻ በማምረቻ ወጪው ውድ ከሆነው ጎረቤቱ ወደ መግዛት ከዞረ፣ ንግዱ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ አልተፈጠረም። የውጭ ቀረጣቸው ከፍተኛ በሆኑ አገሮች መካከል ይህ ሁለተኛው አደጋ ጎልቶ ይታያል። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ለሌላው ዓለም ሳያዳርሱ እርስ በርስ የቀረጥ ቅናሽ እንዲሰጣጡ ዓለም አቀፉ የንግድ ሥርዓት በ1979 ባጸደቀው ልዩ ፈቃድ ተፈቅዶላቸዋል፤ ኮሜሳም ለዓለም ንግድ ድርጅት የተመዘገበው በዚሁ ፈቃድ መሠረት ነው።

አመሠራረት

የአፍሪካ አገሮች ከነፃነት በኋላ የወረሱት የመንገድ፣ የባቡርና የወደብ መረብ በአብዛኛው የተዘረጋው ማዕድንና የእርሻ ምርት ከመሐል አገር ወደ ባሕር ለማውጣት ስለነበር፣ ጎረቤታሞች ከአውሮፓ ጋር የሚገናኙበት መንገድ እርስ በርስ ከሚገናኙበት የተሻለ ነበር። ይህን ለመለወጥ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1965 በሉሳካ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን ሚኒስትሮች ሰብስቦ የትብብር ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መልክ እስኪይዝ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ያቀፈው የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ፣ ጥቅሙ ወደ ኬንያ አድልቷል በሚል ቅሬታና በመሪዎቹ የፖለቲካ ልዩነት ምክንያት በ1977 ፈረሰ። የማኅበረሰቡ መፍረስ የውህደት ትርፍ በእኩል ካልተዳረሰ ስምምነቱ ራሱ እንደማይጸና ለቀጠናው አገሮች አሳይቷል።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1981 ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮች የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የተመራጭ ንግድ ቀጠናን የሚያቋቁመውን ስምምነት በሉሳካ ፈረሙ፤ ስምምነቱም በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ተመራጭ ንግድ ማለት አባላቱ ቀረጥን ሙሉ በሙሉ ሳያነሡ አንዱ ለሌላው ቅናሽ የሚያደርጉበት አሠራር ነው። ይህ ቀጠና ኅዳር 5 ቀን 1993 በካምፓላ በተፈረመውና በታኅሣሥ 1994 በሊሎንግዌ በጸደቀው ስምምነት ወደ ኮሜሳ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የአባላቱ ስብጥር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ሌሴቶና ሞዛምቢክ በ1997፣ ታንዛኒያ በ2000፣ ናሚቢያ በ2004 ሲወጡ፣ ግብፅ ቀደም ብላ በ1998 ገብታ ነበር፤ ቱኒዚያና ሶማሊያ ደግሞ በ2018 ተቀላቅለዋል።

ነፃ የንግድ ቀጠናውና የጉምሩክ ኅብረቱ

ጥቅምት 31 ቀን 2000 ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ማላዊ፣ ሞሪሸስ፣ ሱዳን፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ በማንሣት የኮሜሳን ነፃ የንግድ ቀጠና መሠረቱ። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2004 ተከተሏቸው፤ ኮሞሮስ፣ ሊቢያ፣ ሲሸልስና ሌሎችም በየጊዜው ገብተዋል። በዚህ አሠራር ከቀረጥ ነፃ የሚሆነው በእርግጥ በአባል አገር የተመረተ ዕቃ ብቻ በመሆኑ፣ የስሪት አገር ደንብ የሚባለው መለያ የሥርዓቱ አስኳል ነው። ደንቡ ባይኖር የሌላ ክፍለ ዓለም ዕቃ ቀረጡ ዝቅተኛ በሆነው አባል አገር በኩል ገብቶ ወደ ሌሎቹ ያለ ቀረጥ ይሰራጭ ነበር። በኮሜሳ ደንብ አንድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ በአባል አገር የተገኘ ከሆነ፣ ወይም ከውጭ የገቡት ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ ከጠቅላላው የጥሬ ዕቃ ወጪ ከ60 በመቶ ካልበለጠ፣ ወይም በአገር ውስጥ የተጨመረው እሴት ከፋብሪካ መውጫ ዋጋው ቢያንስ 35 በመቶ ከሆነ፣ ወይም ዕቃው በሂደቱ ውስጥ የታሪፍ ምድቡን ከለወጠ የኮሜሳ ስሪት ተብሎ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ቀጣዩ ደረጃ የሆነው የጉምሩክ ኅብረት በሰኔ 2009 በዚምባብዌ በቪክቶሪያ ፏፏቴ ከተማ ይፋ ሆነ። የታሰበው የጋራ የውጭ ቀረጥ በጥሬ ዕቃና በማምረቻ መሣሪያ ላይ ዜሮ፣ በከፊል ባለቀላቸው ግብዓቶች ላይ 10 በመቶ፣ ባለቀላቸው ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ ነበር። ይሁንና አገሮቹ የራሳቸውን የታሪፍ መጽሐፍ ከዚህ ጋር ለማጣጣም በመዘግየታቸው ኅብረቱ ከወረቀት አልፎ በተሟላ ሁኔታ ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። ለብዙዎቹ መንግሥታት የገቢ ዕቃ ቀረጥ በቀላሉ የሚሰበሰብ የግምጃ ቤት ገቢ መሆኑ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ይህን ገቢ የሚያጡ አባላትን ለመደገፍ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተቋቋመ የማካካሻ ፈንድ ለሩዋንዳና ለቡሩንዲ ድጋፍ ሰጥቷል።

ትራንስፖርት፣ ክፍያና ገንዘብ

ኮሜሳ ከታሪፍ ይልቅ የተሻለ ውጤት ያስመዘገበው ንግዱን በሚያሳልጡ ተግባራዊ አሠራሮች ነው። ቢጫ ካርድ የተባለው የተሽከርካሪ መድን፣ አንድ መኪና በአገሩ በገዛው የሦስተኛ ወገን ዋስትና በሌሎች አባል አገሮች ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ያስችለዋል፤ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎችም ይጠቀሙበታል። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የሚገኘው የቺሩንዱ ኬላ በታኅሣሥ 2009 የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ሆኖ ተከፈተ፤ በዚህ ዓይነቱ ኬላ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ቦታ ስለሚሠሩ ተጓዡና ዕቃው ሁለት ጊዜ መፈተሽ አያስፈልጋቸውም።

በእግር፣ በብስክሌትና በትንንሽ መኪና ጥቂት ዕቃ እያሻገሩ ለሚነግዱ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ለሆኑ ቸርቻሪዎች ደግሞ ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት ተዘርግቷል። ጎረቤታም አገሮች በተስማሙበት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ዕቃ የያዘ ነጋዴ፣ ዋጋው ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ፣ እዚያው ድንበር ላይ በሚሞላ አጭር ቅጽ ከቀረጥ ነፃ ያልፋል። ጣሪያው በመጀመሪያ 500 የአሜሪካ ዶላር የነበረ ሲሆን በኋላ ወደ 1,000፣ በአንዳንድ አገሮች መካከልም ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል።

በክፍያ በኩል አባላቱ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ስለሚቸገሩ፣ በ1984 ሐራሬ ላይ ሥራ የጀመረው የሂሳብ ማጣሪያ ቤት ማዕከላዊ ባንኮች የእርስ በርስ ዕዳቸውን አቻችለው ልዩነቱን ብቻ በዶላር እንዲከፍሉ አስችሎ ነበር። በ1990ዎቹ የምንዛሪ ቁጥጥር በብዙ አገሮች ሲላላ የዚህ አሠራር ተፈላጊነት ቀነሰ፤ በ2012 የተጀመረውና በሞሪሸስ ማዕከላዊ ባንክ በኩል የሚወራረደው የቀጠናው የክፍያ ሥርዓት በምትኩ መጣ። በ1985 የተቋቋመውና ኢትዮጵያዊው አድማሱ ታደሰ ከ2012 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የመሩት የንግድና የልማት ባንክ ለአባላቱ የንግድና የፕሮጀክት ብድር ያቀርባል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የቆዳና የቆዳ ውጤቶች ኢንስቲትዩትም ከዚሁ ማዕቀፍ የተወለደ ነው።

የንግዱ ይዘት

እነዚህ ሁሉ አሠራሮች ቢዘረጉም አባላቱ እርስ በርስ የሚያደርጉት ንግድ ከጠቅላላው የውጭ ንግዳቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት የምርቱ መመሳሰል ነው፤ ቡና፣ ሻይ፣ ትንባሆ፣ መዳብና ነዳጅ የሚሸጡ አገሮች ገዢያቸው በአውሮፓ፣ በእስያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሆን፣ የሚፈልጉት ማሽን፣ መድኃኒትና ማዳበሪያም በብዛት የሚመጣው ከዚያው ነው። ምርታቸው በሚደጋገፍበት ቦታ ግን ንግዱ ጠንካራ ነው። ሻይ የማታበቅለው ግብፅ ከኬንያ ሻይ ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ስትሆን፣ የዴሞክራቲክ ኮንጎ ማዕድን ቆፋሪዎች ከዛምቢያ ማቅለጫዎች የሚገኘውን የሰልፈሪክ አሲድ ለመዳብ ማጣሪያ ይገዛሉ፤ ከኮንጎ የሚወጣ የመዳብ ማዕድንም ዛምቢያ ውስጥ ይቀልጣል። በቁጥር የማይመዘገበው የድንበር ላይ ንግድ ሲጨመር እውነተኛው ልውውጥ በጉምሩክ መዝገብ ከሚታየው ይበልጣል።

አለመግባባቶችና ዳኝነት

ቀረጥ ከተነሣ በኋላ የጥራት ደረጃ፣ የጤና ቁጥጥር፣ የኮታና የፈቃድ ጥያቄዎች በቦታው ይተካሉ፤ እነዚህም ከታሪፍ ውጭ ያሉ መሰናክሎች ይባላሉ። ዛምቢያ የኬንያን ወተት ለማስገባት የጠየቀችው የጥራት መስፈርት ለዓመታት ያነታረካቸው በዚህ ምክንያት ነው። ኬንያ በበኩሏ የአገር ውስጥ ስኳር አምራቾቿን ከርካሽ የቀጠናው ስኳር ለመጠበቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለጊዜው የተፈቀደላትን የመከላከያ እርምጃ ደጋግማ አሳድሳ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይታበታለች። መንግሥታት ብቻ ሳይሆኑ ነጋዴዎችም መክሰስ እንደሚችሉ ያሳየው ደግሞ የፖሊቶል ቀለም ኩባንያ ጉዳይ ነው። ሞሪሸስ ከግብፅ በሚገባ ቀለም ላይ አንሥታው የነበረውን ቀረጥ መልሳ በመጣሏ ኩባንያው የገዛ አገሩን መንግሥት በኮሜሳ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2013 ሞሪሸስ ስምምነቱን መጣሷን ወስኗል።

ኢትዮጵያና ኮሜሳ

ኢትዮጵያ ከምሥረታው ጀምሮ አባል ብትሆንም ነፃ የንግድ ቀጠናውን ሳትቀላቀል፣ ለኮሜሳ ስሪት ዕቃዎች ከመደበኛው ቀረጥ 10 በመቶ ብቻ በመቀነስ ለረጅም ጊዜ ቆይታለች። ይህም ማለት 30 በመቶ ቀረጥ የሚጣልበት ዕቃ 27 በመቶ ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ አቋም የሚሰጡት ምክንያቶች የጉምሩክ ገቢ መቀነስና ለጋ ኢንዱስትሪዎች ከግብፅና ከኬንያ ፋብሪካዎች ጋር ያለ ጥበቃ መወዳደር ይሳናቸዋል የሚለው ስጋት ናቸው። ይሁን እንጂ ከጎረቤቶቿ ጋር ያላት ትስስር በሌላ መንገድ ጠብቋል። ከጅቡቲ ጋር የሚደረገው የጫት፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ንግድ የቆየ ሲሆን፣ በኬንያ ድንበር የሞያሌ የጋራ ኬላ በ2020 ተመርቋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነውና በ2006 የኮሜሳ ልዩ ተቋም የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋትም የኤሌክትሪክ ንግድን የሚያስተባብር ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለሱዳን፣ ከ2022 ጀምሮም ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች።

ተደራራቢ አባልነትና ሰፋፊ ማዕቀፎች

ብዙዎቹ የኮሜሳ አባላት በኋላ ዳግም የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ወይም የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ አባል ጭምር ናቸው። አንድ አገር ሁለት የተለያዩ የጋራ የውጭ ቀረጦችን በአንድ ጊዜ መተግበር ስለማይችል፣ ይህ መደራረብ የጉምሩክ ኅብረቱን ካዘገዩት ምክንያቶች ይቆጠራል። ችግሩን ለማቃለል ሦስቱ ማኅበረሰቦች በ2008 በካምፓላ መሪዎቻቸውን አገናኝተው አንድ የሦስትዮሽ ነፃ የንግድ ቀጠና ለመፍጠር ተስማሙ፤ ስምምነቱ በሰኔ 2015 በሻርም አል ሼክ ተፈርሞ በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚህ በላይ በመጋቢት 2018 በኪጋሊ የተፈረመውና በግንቦት 2019 በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ከታሪፍ መስመሮች 90 በመቶ የሚሆኑት ደረጃ በደረጃ ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። አህጉራዊው ስምምነት እንደ ኮሜሳ ያሉትን ማኅበረሰቦች አያፈርሳቸውም፤ በመካከላቸው ከፍ ያለ ውህደት ላይ የደረሱት ያንኑ ይዘው እንዲቀጥሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ በኮሜሳ ሥር የተፈተኑት የስሪት አገር ደንቦች፣ የድንበር ኬላዎች፣ የመድንና የክፍያ ሥርዓቶች በአህጉሩ ደረጃ ለሚዘረጋው ገበያ በልምድ የተገኘ መሠረት ሲሆኑ፣ የስኳሩና የጉምሩክ ኅብረቱ ታሪክ ደግሞ አባላት ቃላቸውን የሚጠብቁት ገቢያቸውንና አምራቾቻቸውን የሚጎዳው ሸክም በፍትሐዊነት ሲከፋፈል መሆኑን ያመለክታል።