ጧሪና ጡረታ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሽማግሌዎች ሲመርቁን ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይመኙልናል፤ ሲያረጁ የሚያበላ፣ ሲሞቱ የሚቀብር። ጡረታ የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ከመጦር ነው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ትዝ የሚለን የወር አበልና ሰልፍ ቢሆንም፣ ከመሥሪያ ቤት በፊት የቤት ቃል ነበር። የአገራችን ሕግ ይህን የቤት ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ባጭሩ ላስታውስ እወዳለሁ፤ በዚህ ሰፈር ያለ ጧሪ የተቀመጡ አረጋውያን አሉና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን «ቀለብ» ብሎ ጠራው። (ለወታደርና ለበቅሎ የለመድነው ቃል ለእናት መዋሉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን ሌላ አላገኙለትም።) ልጅ ወላጁን እንዲያበላ፣ እንዲያለብስ፣ መጠለያ እንዲሰጥና ጤናውን እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ መጠኑም እንደ አገሩ ልማድ ነው። ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መብላት ያልቻለ መሆን አለበት። የቀብሩን ወጪ እንኳ ሕጉ አልረሳም። ምርቃቱ እንዳለ አንቀጽ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንቀጹ እንዲሠራ እናት ልጇን መክሰስ አለባት። ልጇን ከስሳ እንጀራ የምትበላ ሴት በየትኛው ደጀ ሰላም ቀና ብላ ትቆማለች? ስንቷ እናት ጦሟን አድራ «ልጄ ይጦረኛል» እያለች ለጎረቤት ትዋሻለች! ሕጉ መብቱን ሲሰጥ የኀፍረቱን ዋጋ አላሰበም።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ኀፍረት አስቀረ፤ ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር። ደመወዝተኛው ሲያረጅ ማንንም ሳይከስ ይበላል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጠላ ሻጯ ግን ልጃቸውን እንደ ጠበቁ ቀሩ። የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የራሳቸውን የጡረታ አዋጅ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲነሣ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። አዋጁ መሬትን በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ፤ ነገር ግን ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ለቤተሰቡ፣ እንዲሁም ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ፈቀደ። ያ ሁሉ መፈክር በሚያስተጋባበት ዘመን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሬ መጥመድ ያቃተውን ሽማግሌ አስቦ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊውን ባውቀው እጁን በሳምሁት ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥት አረጋውያንን አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ አዘዘ። «አቅሙ በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ምን ያህል ሰፊ በር እንደሆነች መምህር የነበረ ሁሉ ያውቃታል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ቀለብን ከአሮጌው ሕግ አንሥቶ ከነክሱ ደገመው።

እነዚህ ሕጎች ልጁ ፍርድ ቤት ተጠርቶ የሚገኝበት አገር እንዳለ አድርገው የተጻፉ ናቸው። ተሰዳጅን የጠቀሰው በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን ፕሮቶኮል ነው። በጦርነትና በአደጋ ጊዜ ከእርዳታ፣ ከማስፈርና ወደ አገር ከመመለስ አረጋውያን በቅድሚያ ይጠቀሙ ይላል። በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2017 ዓ.ም. ነው፤ የሚያስገድደውም ያጸደቁትን መንግሥታት ብቻ ነው።

እኔም እናቴን ከድንበሩ ወዲያ ትቻታለሁ። መበለት ስለሆነች በሕጉ ተራ ቀዳሚው ተጠያቂ እኔ ነኝ። በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮዋ የግድ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ አይከፈልም ይላል ያው ሕግ። እናቴ ከወጣሁ ጀምሮ በሰው በላከችብኝ መልእክት ሁሉ የጠየቀችኝ ስለ ጤናዬ ብቻ ነው።