የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ሕይወትና ሞት

በ1897 እ.ኤ.አ. ከጂቡቲ መዘርጋት የጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ከፍታ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ በመገኘቱ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ሲደርስ፣ ድሬዳዋ ከሐዲዱ ጋር ተቆረቆረች። የባቡር ኩባንያው ዋናውን ወርክሾፕ፣ ማለትም ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ተፈትቶ የሚጠገንበትን ሥፍራ፣ በዚያው ስላቋቋመ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስመር ኅልውናው በከተማዋ ባለሙያዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ወጣቱ በረዳትነት ተቀጥሮ በብረት መቅረጫ መኪና ወይም በእንፋሎት ምድጃ ፊት ሙያውን ከአንጋፋዎች ይማር፣ የሥራ ቋንቋ የነበረውን ፈረንሳይኛም በዚያው ይለምድ ነበር፤ በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱን ሲተካም እንደገና መማር ግድ ሆነበት።

ይህ ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ ሲያርፍ ዕድር፣ ማለትም አባላቱ በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ ቀብርንና ሐዘንን የሚያስተናግድ ማኅበር፣ ድንኳን ተክሎ ወንበር ይደረድራል፤ ለቀስተኛውም ቤተሰቡን እያጽናና የሟቹን የሥራ ዘመን ያወሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲስ ሐዲድ ስለሚጓዝ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው የአሮጌው መስመር ጥበብ ተተኪ አጥቷል፤ በመሆኑም የእያንዳንዱ አንጋፋ ሠራተኛ ሞት ለቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ለከተማዋ የቴክኒክ ታሪክም ጉዳት ነው።