ከመናኸሪያ እስከ ስታዲየም በር፦ በደብረ ማርቆስ የተመልካች ጉዞ እንዴት ይቃና?

በጎጃም ደጋ ከተሞች ስለ ስታዲየም ሲወራ ወሬው ሣሩ ተተከለ ወይ፣ መቀመጫው አለቀ ወይ፣ ጣሪያው መቼ ይለብሳል ነው። ተመልካቹ ከቤቱ ተነሥቶ በሩ ላይ እስኪደርስ፣ ጨዋታው ሲያልቅም ቤቱ እስኪገባ የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስን መነሻ አድርጎ የሚያቀርበው መከራከሪያም አንድ ነው፦ በመካከለኛ ከተማ የስታዲየም ትራንስፖርት ችግር በአብዛኛው የአስፋልት እጥረት ያመጣው አይደለም፤ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት የሚመራ ባለቤት ካለመኖሩ የሚመጣ ነው።

ከተማዋና ሦስት ዓይነት ተመልካቾቿ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለረጅም ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መዲና ነበረች፤ ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ያው ጎዳና የከተማዋ ዋና መንገድም ነው። ባለ ተሳቢው የጭነት መኪና፣ የአገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው አንዱን መስመር ይሻማሉ። ደብረ ማርቆስ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ጥሩ ተጋጣሚ በሚያስተናግድበት ቀን በዚህ ላይ ከስታዲየም የሚወጣው ሕዝብ ይጨመርበታል።

ይህ ሕዝብ ሲበዛ አንድ ይምሰል እንጂ ፍላጎቱ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያውና ትልቁ ክፍል በእግሩ የሚመጣው ነው፤ የሰፈር ወጣት፣ ተማሪ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ክፍል አወፍረውታል። ሁለተኛው በባጃጅ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ከከተማ ውጭ የሚነሣው ነው፤ ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከደምበጫ፣ ከቢቸና በሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ የሚመጣ ደጋፊ። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው መሄጃ፣ ለሁለተኛው መጫኛ፣ ለሦስተኛው ደግሞ መቆሚያና የተረጋገጠ መመለሻ ነው። ሦስቱን በአንድ በርና በአንድ መንገድ ላይ ማደባለቅ የመጨናነቁ ሁሉ ምንጭ ነው።

የአንዲት ሰዓት ስሌት

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለስሌት እንዲመች 5,000 ሰው የተመለከተው ጨዋታ ይታሰብ። በብሪታኒያ የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት መመሪያ መሠረት በአንድ ሜትር ስፋት ባለው ደልዳላ መውጫ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሰላም የሚያልፈው ሰው 82 ነው፤ ደረጃ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 66 ይወርዳል። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰው ሳይቆም ወደሚፈስበት መውጫ ለመግባት ከ8 ደቂቃ በላይ ሊፈጅበት እንደማይገባም ይኸው መመሪያ ይደነግጋል። በዚህ ልክ ለ5,000 ሰው የሚያስፈልገው የመውጫ በሮች ድምር ስፋት 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ለየትኛውም ከተማ የሚከብድ ግንባታ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ 1,000 ሰው በባጃጅ መመለስ ይፈልጋል እንበል። ባጃጅ በሕጉ ሦስት ተሳፋሪ ስለሚጭን 334 ምልልስ ያስፈልጋል። አንዱ ምልልስ 12 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ባጃጅ በሰዓት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ 67 ባጃጆች ቢመደቡ ሕዝቡን በአንድ ሰዓት ያነሡታል። ይህ ቁጥር ለደብረ ማርቆስ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቦታ ላይ ተራ ጠብቀው የሚጭኑ ከሆነ፣ ሰው ወጥቶ፣ ዋጋ ተነጋግሮ፣ ተሳፍሮ እስኪነቃነቅ 30 ሰከንድ እንኳ ቢፈጅ፣ 334ቱን ለመጫን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስድስት መጫኛ ቦታዎች ተለይተው ቢሰናዱ ግን ያው ሥራ በ28 ደቂቃ ያልቃል። የባጃጁን ቁጥር ሳይጨምሩ መጫኛውን ብቻ በማብዛት የሚገኝ ለውጥ ነው።

ቅጥቅጥ ቢገባበት ስሌቱ ይበልጥ ይቀላል። 25 ሰው የሚጭን መኪና ያንኑ 1,000 ሰው በ40 ምልልስ ያነሣል፤ ምልልሱ 20 ደቂቃ ቢወስድ 14 መኪና ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በሩ ላይ ቆሞ በመቁጠር ነው። ሆኖም አቅጣጫውን ያሳያሉ።

ሰዓቱም ራሱ የራሱ ጣጣ አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው 12 ሰዓት አካባቢ፣ ሊመሽ ሲል ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው ከሥራ ይወጣል፣ ገበያተኛው ይመለሳል፣ ባጃጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ተሳፋሪ ሲበዛና ጨለማ ሲቃረብ ታሪፉ ይረሳል፤ ሦስት ሰው የሚጭነው አምስት ይጭናል፤ ሌላው «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል። የጨዋታውን መጀመሪያ በአንድ ሰዓት ቀደም ማድረግ ምንም ብር ሳይወጣበት ከብዙ መሐንዲስ ሥራ የበለጠ ሊያቃልል ይችላል። በግንቦትና በሰኔ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መውረድ ሲጀምር፣ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

አዲስ አበባና ባሕር ዳር ምን ያስተምራሉ?

የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዚህ ጥያቄ ትልቁ የአገር ውስጥ ምሳሌ ነው። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገደው ይህ ሜዳ የተተከለው በለገሃርና በመስቀል አደባባይ መካከል፣ ከተማዋ ቀድሞውኑ በምትሰበሰብበት ስፍራ ነው። ለስታዲየሙ ተብሎ የተለየ የትራንስፖርት መስመር መዘርጋት ያላስፈለገው ለዚህ ነው፤ አውቶቡሱም ታክሲውም ቀድሞ እዚያው ነበር። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሰሜን–ደቡብና ምሥራቅ–ምዕራብ መስመሮች በጋራ በሚጠቀሙበት ክፍል ላይ «ስታዲየም» የተባለ ጣቢያ ተሠራለት። ይሁንና ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ስታዲየሙም ለእድሳት ለዓመታት ተዘጋ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በአንድ ውድ ቴክኖሎጂ ላይ የተንጠለጠለ መዳረሻ ቴክኖሎጂው ሲታመም አብሮ ይታመማል፤ የቦታው አመራረጥ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ባሕር ዳር ሌላ መልክ ታሳያለች። የባሕር ዳር ስታዲየም ብሔራዊ ቡድኑ ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯርን በተመሳሳይ ውጤት ያሸነፈበት ሜዳ ነው። ከተማዋ ደልዳላ ናት፤ ብስክሌት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የነዋሪው መጓጓዣ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዟል። ደብረ ማርቆስ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛባት ብስክሌቱን እንዳለ መቅዳት አይቻላትም፤ ለእግረኛ የተለየ መስመር የመስጠቱን ሐሳብ ግን ትችላለች።

ያም ሆኖ ባሕር ዳር ከውድቀትም ታስተምራለች። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፈች በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙን መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። በቀጣዩ ወር ከጋና ጋር የነበረው የኢትዮጵያ «የሜዳ» ጨዋታ የተካሄደው በጆሃንስበርግ ነው። ለደብረ ማርቆስ ደጋፊ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ የነበረው ብሔራዊ ቡድን በአንድ ውሳኔ በሺዎች ኪሎ ሜትር ራቀ። መዳረሻ በመንገድ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

መንገድ ቀንቶ በር ሲጠብ

ትራንስፖርት ማሻሻል ለብቻው አደጋ ሊሆን እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በ1923 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝን ዋንጫ ፍጻሜ ሲያስተናግድ የባቡር አገልግሎቱ የተሟላ ነበር። ትኬት አስቀድሞ የመግዛት ግዴታ ግን አልነበረም። በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 126,047 ሲሆን የገባው ሕዝብ ከዚያ እጅግ የበዛ እንደነበር ይገመታል። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶት ጨዋታው 45 ደቂቃ ዘገየ፤ በፈረሰኛ ፖሊስ ቀስ በቀስ ወደ ዳር እንዲመለስ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ለፍጻሜው ጨዋታ ትኬት በቅድሚያ መሸጥ ደንብ ሆነ።

የያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም አደጋ ደግሞ የቅርብ ነው። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩንና ኮሞሮስ ሊጋጠሙ ሳሉ በአንድ መግቢያ ላይ በተፈጠረ ግፊያ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር የአገሪቱ ባለሥልጣናት አምነዋል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአውሮፓ ዋንጫን ያስተናገደችው ጀርመን የተለየ መንገድ ተከትላለች፤ የጨዋታ ትኬት የያዘ ተመልካች በዚያች ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ለ36 ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠቀም ተፈቅዶለት ነበር። የጉዞው ዋጋ ቀድሞ ስለተከፈለ በር ላይ ድርድር የለም።

በደብረ ማርቆስ ሊሠራ የሚችለው

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለጎጃም ደጋ ከተማ የሚስማማ ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል። መጀመሪያ የእግረኛው ነው። ከስታዲየሙ በር እስከ መናኸሪያውና እስከ ዋናው ጎዳና ያለው መንገድ የተነጠፈ፣ መብራት ያለው፣ የጎርፍ ቦዩ የተከደነ መሆን አለበት። የጎጃም ክረምት ያልተከደነ ቦይን በጨለማ ወጥመድ ያደርገዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ አዝዟል፤ በዊልቼር የሚሄድ ተመልካች ስታዲየሙ በር ድረስ መድረስ ካልቻለ በውስጥ የተሠራለት መቀመጫ ትርጉም የለውም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለ2020–2029 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ከተሞች ለእግረኛ ቅድሚያ እንዲሰጡ ስለሚያሳስብ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ሲጠይቅ የሚደገፍበት ሰነድ አለው።

ቀጥሎ የባጃጁ ነው። የባጃጅ ማኅበራት፣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ትራፊክ ፖሊስ ለጨዋታ ቀን አንድ የስምሪት ዝርዝር ቢያዘጋጁ፣ መጫኛው በየአቅጣጫው ተለይቶ ታፔላ ቢቆምለት፣ ታሪፉም በጉልህ ተጽፎ ቢለጠፍ ከላይ የተሰላው የ28 ደቂቃ ግብ የማይደረስበት አይሆንም። ለውጭ ደጋፊ ደግሞ መኪኖቹ ከአውራ ጎዳናው ገለል ብለው የሚቆሙበት ሜዳና የመመለሻ ሰዓት ያስፈልጋል። ከደጀን የመጣው ደጋፊ የሚመለሰው 70 ኪሎ ሜትር ያህል በማታ ተጉዞ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሾፌሩ እንዲቸኩል የሚያስገድድ አሠራር ሕይወት ያስከፍላል። ትኬቱ ከጨዋታው ቀን በፊት በቴሌብር ቢሸጥ ክለቡ ስንት ሰው ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል፤ ስምሪቱንም በዚያ ልክ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሰላም ካለ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተቋርጠዋል፣ የባጃጅና የመኪና እንቅስቃሴ በየጊዜው ተገድቧል፤ ስፖርቱም አብሮ ተጎድቷል። የክልሉ ክለቦች ደጋፊ ወደ ሜዳ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ ግን የሚመለሰው በአንድ ጊዜና በብዛት ይሆናል። ዝግጅቱ ከዚያ ቀን በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ከግንባታው ሁሉ የሚቀድመው እርምጃ አስፋልትም ድልድይም አይጠይቅም። የከተማ አስተዳደሩ ክለቡን፣ የባጃጅ ማኅበራትን፣ የመናኸሪያውን ኃላፊዎች፣ ትራፊክ ፖሊስንና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጥ፤ ለጨዋታ ቀን ተጠያቂ የሚሆን አንድ አስተባባሪ ይሰይም፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎችም በየበሩ ቆመው የሚወጣውን ሰው በደቂቃ ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው በጀት በግምት ላይ ሳይሆን በቆጠራ ላይ የቆመ ይሆናል።