ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ዱላ... ጫማ ግን አልነበረም

ከቤጌምድር ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የሚሻገር ልጅ በዘመኑ አነጋገር «ሰው አገር» ሄደ ይባላል። «አገር» የሚለው ቃል ያኔ የዛሬውን ያህል አይሰፋም። ዓባይን የተሻገረ ሰው ዘመድ የለው፣ ዳኛ አያውቀው፤ ቢታመም የሚያስታምመው የትምህርት ጓደኛው ብቻ ነው። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። ታዲያ ለዚህ ሁሉ መንገድ ምን ይዞ ይወጣ ነበር?

ዛሬ የጀርባ ቦርሳ አዝለው ዓለምን የሚዞሩ ወጣቶች «ስንት ኪሎ ይመዝናል? ዝናብ ያስገባል?» እያሉ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። የቆሎ ተማሪም የሚያስጨንቀው ይኸው ጥያቄ ነበር። መልሱን የሚያገኘው ግን ከእርሱ በፊት በዚያው መንገድ ከተንከራተቱት ነው። የማይረባው ዕቃ በየመንገዱ ተጥሎ፣ የሚረባው ጥቂት ነገር ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ ደበሎ። የበግ ለምድ ተሰፍቶ የሚለበስ ነው። ቀን ልብስ፣ ሌሊት ፍራሽም ብርድ ልብስም ይሆናል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው ምርጫው ይገባዋል። ጥጥ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል፤ የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ ግን ውሃውን ቶሎ ወደ ገላ አያሳልፍም። ጉዳቱ ተባይ ነው። ደበሎ አይታጠብም፤ ቁንጫና ቅማል ይራባበታል። ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን የምታስተላልፍ ናት፤ ተማሪዎች ተፋፍገው በሚያድሩበት ጎጆ ይህ ቀልድ አይደለም።

አኩፋዳው የምግብ ከረጢት ነው። ከሰሌን ወይም ከሣር ስለሚሠራ ክብደት የለውም፤ አየር ስለሚያስገባም ቁራሽ እንጀራው እየደረቀ ይሄዳል እንጂ ቶሎ አይሻግትም። ከዚያ በላይ ግን መታወቂያ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ ሌባ ወይም ሰላይ እንዳልሆነ ባለቤቷ ከሩቁ ታውቃለች። (ሁሉም ጨዋ ነበር ማለት አይደለም። የተማሪ ተንኮል በየመንደሩ የሚወራው በከንቱ አይደለም።) ዱላው ለውሻ ነው፤ ተማሪና ውሻ ታርቀው አያውቁም።

መጽሐፉስ? እዚህ ላይ የሚማረው ትምህርት ሸክሙን ይወስነዋል። ድጓ የሚማር ሰው የራሱን ድጓ በብራና እየጻፈ ስለሚማር ቀለም፣ መቃና ማኅደር ያስፈልገዋል፤ መጽሐፉም ሲያልቅ ከባድ ነው። የቅኔ ተማሪ ግን በቃል ሰምቶ፣ በቃል ቆጥሮ፣ በቃል ይቀኛል። ብራና ሳይሸከም የጎጃምን የቅኔ ቤቶች ሊያዳርስ ይችላል። ቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅም ሆነ ሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ደብሮች ከሩቅ አገር ተማሪ የሚስቡ ነበሩ። ሀዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስ ሌላ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። የዚህን ኑሮ ዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ» ያንብብ።

ሸክም ማነስ ያለበት ለምን እንደሆነ በደንብ የሚታየው ሞጣ ላይ ነው። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ እየታሰረ፣ በሁለቱ ወገን በቆሙ ጎበዛዝት እየተሳበ ነበር የሚያልፈው። ከሥር ዓባይ ይጮኻል። በዚያ ገመድ ላይ አንድ ኪሎ ትርፍ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ክፍተቱ በብረት ተሞልቶ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው። አሁን ከወንዙ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ።

እስከዚህ ድረስ የአባቶች ጥበብ እያልን ብናደንቅ አይበዛም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የጎደለ አንድ ዕቃ አለ፤ ጫማ።

ተማሪው በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው። ገበሬውም እንደዚያው ነውና ማንም እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። «እግር ይጠነክራል» ይባላል። እውነት ነው፣ ለእሾህ ይጠነክራል፤ ለአፈሩ ግን አይጠነክርም። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ምርምር፣ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው የእግር ዝሆኔ ከትንኝ ሳይሆን ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ደቃቃው የማዕድን ብናኝ ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ የተጋላጭነት ዝንባሌ በዘር ያለበትን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል። ምሥራቅ ጎጃም በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

መከራው እብጠቱ ብቻ አይደለም። ሕመሙ እርግማን ነው ስለሚባል በሽተኛው ከሠርግም፣ ከማኅበርም፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል። ዓመታት ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት በባዶ እግሩ የተጓዘ ሰው በዚያው እግሩ ምክንያት ከቅጥሩ ውጭ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ብርድን፣ ረኃብን፣ ውሻንና ወንዝን አስቦ የተዘጋጀው ተማሪ የሚረግጠውን አፈር አላሰበም። ሊያስብም አይችልም ነበር፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

መፍትሔው ደግሞ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው፦ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ላበጠው እግር ደግሞ ፋሻ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተካሄደና ውጤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ ትኩሳትና ቁስለት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የዛሬው ተማሪ ደበሎውን በጋቢና በላስቲክ ሸራ እየተካ ነው፤ በኩራዝ ፈንታ የሶላር መብራት የያዘም አለ። አኩፋዳው አለ፣ ዱላውም አለ። ከተጨመሩት ዕቃዎች ሁሉ ግን ዋናው፣ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠውና ማንም ባህል ብሎ የማያወራለት የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው።