ኩርኩም የቀመሰው ሣጥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የመጣው ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ይህንን ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውልናል። ያልመዘገቡልን በየቤቱ ሳሎን ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ሣጥን ሲታመም ምን ይደረግ እንደነበር ነው። መቼም የማታስታውሱት የላችሁም፤ ኩርኩም ይቀምስ ነበር!

ኩርኩሙ ታዲያ የመሃይም ሥራ አልነበረም። ያ ከኋላው ሆድ ያለው ቴሌቪዥን ሲሠራ ይግላል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የውስጡ ብየዳ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ጎኑን መታ ሲያደርጉት የተለያየው ይገናኝና ምስሉ ይመለሳል። እስከ ነገ ማታ ድረስ ነው እንጂ! ቁርጥ ያለው መድኃኒት ከፍቶ ስንጥቁን እንደገና መበየድ ነው።

ሣጥኑ ሕመሙን ይናገር ነበር። መሐል ላይ አንድ ደማቅ አግድም መስመር ብቻ ከቀረ፣ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው። ጥጉ ላይ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ከጣለ ደግሞ የቴፑ ስፒከር ማግኔት ተጠግቶታል፤ ስፒከሩን ማራቅ ነው።

ደህና ጠጋኝ ግን ሽፋኑን ሲከፍት አይጣደፍም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የመስታወቱ ቱቦ 20 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ሊያቆይ ይችላል። መጀመሪያ ያንን ያፈሳል፣ ከዚያ እጁን ይሰዳል። የሠፈር ሰውም ይህንን ስለሚያውቅ ልጆቹን «ከኋላው አትንኩ!» ይል ነበር።

ዛሬ ጠፍጣፋው መጣና የጥገናው ዕውቀት ከጠጋኙ ጋር ዘወር አለ። አሮጌው ሣጥን ግን ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። አንድ ቀን ለቆራሌው ይሸጣል፤ መዳብ ለማውጣት በድንጋይ ይፈረከሳል። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት አለ፤ ስባሪው ልጆች በሚጫወቱበት አፈር ላይ ይቀራል።

ደህና በነበረ ጊዜ «አትንኩ» ያልነውን ሣጥን፣ ሲሞት ማንም እንዲሰብረው መተው ደግ አይደለም። ቆራሌው ሲመጣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ንገሩት፦ ቱቦውን እዚህ እንዳትሰብረው፣ ለራስህም ስትል።